ጋሽ መሰለኝ እና አራተኛው ትእዛዝ

ስልኬ ውስጥ ካሉት ግሩፖች ሁሉ ሊቅ የሚበዛበት የዓሣ አርቢዎች ግሩፕ ነው። አንድ ሺህ አራት መቶ አባላት አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ሁሉን ያውቃሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ባለች የመስታወት ሳጥን ጣት የምታህል ዓሣ አስቀምጠው ስለ ውቅያኖስ ይፈርዳሉ። አንዱ የዋህ "ዓሣዬ ዛሬ ፊቷን አዞረችብኝ" ብሎ ቢጽፍ፣ ያዘዘው ሻይ ሳይቀርብለት ሠላሳ ሰባት ምክር ይደርሰዋል። ጨው ጨምርባት፣ ጨው እንዳታስጠጋባት፣ መብራቱን አጥፋ፣ መብራቱን አብራ፣ ባል ፈልግላት። ደግሞ አንዱም ምክር ሲያመነታ አይታይም፤ እያንዳንዱ ከኋላው ሦስት ቃለ አጋኖ አሰልፎ ነው የሚመጣው።

የቀረው አንድ ሰው ጋሽ መሰለኝ ነው።

ስሙ አይደለም፤ ግሩፑ ያወጣለት ነው። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። አጠር፣ ደልደል ያለ ሰው ሲሆን ቀኝ ኪሱ ውስጥ በሚያጭቃቸው መፍቻዎች ብዛት ሲራመድ አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ቤቱ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ሁለት የዓሣ ሳጥኖች አሉት። ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ማንም አላስተዋለም።

ይህ ሰው ግሩፑ ላይ አንዲት መስመር ሲጽፍ ከሦስት ቃላት አንዱን ያስቀድማል። በዓይኑ ያየው ከሆነ "አየሁ" ይላል። ከሌላ የመጣ ከሆነ "ሰማሁ" ይልና ከማን እንደሰማ ይናገራል። የራሱ ግምት ከሆነ ደግሞ "መሰለኝ"። ለምሳሌ እንዲህ፦ "አየሁ፦ ዓሣዋ ከትናንት ጀምሮ ምግቧን ትተፋለች። ሰማሁ፦ ባለሱቁ ምግብ ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋቸዋል ብሎኛል። መሰለኝ፦ ይቺ ግን ጠግባ ነው።"

አንድ ቀን ደግሞ የባሰ ነገር ጻፈ። "ዓሣ ሕልም ያያል ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ "አላውቅም" አለ። ግሩፑ ተደናገጠ። በታሪኩ እንዲህ ያለ ቃል ተጽፎበት አያውቅም። በመጨረሻ አንዱ ተጨንቆ፣ "ጋሼ፣ ስልክህን ሰርቀውህ ነው እንዴ?" ሲል ጠየቀው።

ልማዱን ያመጣው ከሊፍት ነው። "ሊፍት ውስጥ አሥር ደቂቃ የተቆለፈበት ሰው ሁሉ መሐንዲስ ሆኖ ይወጣል" ይላል። በወጣትነቱ አንድ ሕንጻ ላይ ሊፍት ቆመና ተጠራ። ውስጥ የተቆለፈው ጠበቃ "ገመዱ ሲበጠስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!" እያለ በስልክ ይጮሃል። ጥበቃው ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ይምላል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ጭስ ሸትቷታል። የኛ ሰው ክብደቱ ጥጃ የሚያህል የብረት ገመድ ተሸክሞ አሥራ አንድ ፎቅ በእግሩ ወጣ። ጥፋቱን ሲያገኘው፣ የበሩ መሄጃ ውስጥ የተሰነቀረች የሕፃን ካልሲ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ የጥገና ደብተሩን በሦስት ዓምድ አሰመረው፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የመሰለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው።

ባለቤቱ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ምላሷ ከመጽሐፎቿ ሁሉ የተሳለ ነው። "ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር 'እወድሻለሁ' ያለኝ በየትኛው ዓምድ እንደተመዘገበ አላውቅም" አለች አንድ ቀን በእኛው ፊት።

"የመጀመሪያው ላይ ነዋ!" አላት ሻዩን እያማሰለ። "እሱን ማን ሊነግረኝ ኖሯል?"

አሁን ወደ ትእዛዛቱ እንምጣ። ግሩፑን የሚያስተዳድረው "ፕሮፌሰር" የሚባል ፍራሽ ሻጭ ነው። ሱቁ ገዢ ሲጠፋ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ስለ ዓሣ ያስባል፤ ያሰበውንም ግሩፑ አናት ላይ ይሰካዋል። ከሁለት ዓመት በፊት "አሥርቱ ትእዛዛት" የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። አዲስ አባል ሲገባ መጀመሪያ እሱን ያነባል፤ የተከራከረ ሰው "ትእዛዛቱን አንብብ!!!" ተብሎ ይዘጋል።

የጋሽ መሰለኝ አማት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። የከተማው ግማሽ ወደዚህ ዓለም የገባው በእሳቸው እጅ ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ "ጫማህን አውልቅ" ተብሎ እሳቸው የተቆጡት ነው። ጡረታ ወጥተው ቤት ሲውሉ ግድግዳውን ሳይቀር ማጠብ ስለጀመሩ፣ አማቻቸው ሰባት ዓሣ ያለበት ሳጥን በስጦታ ወሰደላቸው። ወደዷቸው። ትልቁን፣ ብርቱካንማውንና ደረተ ሰፊውን "ሻለቃ" አሉት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ልጃቸው ቤት መጡ። በእጃቸው በንጹሕ ፋሻ የተጠቀለለች ነገር ይዘዋል።

"አራተኛው ነው" አሉ።

"ይቀመጡ እንጂ እማማ" አለ ጋሽ መሰለኝ።

"አልቀመጥም። ይልቅ እየውና ምን እንዳጎደልኩበት ንገረኝ። ምግቡን በሰዓቱ ሰጠሁት። ሳጥኑ እንደሆነ ከማዋለጃ ክፍል የበለጠ ንጹሕ ነው።" ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "ጤና ጣቢያው አዲሶቹን አዋላጆች በሳምንት ሁለት ቀን አሠልጥኝልን ብሎኝ ነበር። ሰኞ አልመጣም ልላቸው ነው።"

"እንዴ እማዬ!" አለች ልጃቸው። "ዓሣና ሕፃን ምን አገናኛቸው?"

"እጅ ነዋ የሚያገናኛቸው! ድሮ እኔ የያዝኩት ይተርፍ ነበር። ዛሬ የያዝኩት ሁሉ እየሞተ ነው። እጄን እኔ ካላመንኩት ለነዚያ ልጆች ምኑን ላሳያቸው?"

እማማ እጃቸውን አተኩረው አዩት፤ እንዴት ቤት እንደገባ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩ አድርገው።

"እምቢ ሳይሏቸው እስከሚቀጥለው ሰኞ ይቆዩኝ" አለ አማቻቸው። "ዘጠኝ ቀን።"

"ዘጠኝ ቀን ምን ልታደርግ?"

"አላውቅም።"

"እሺ" አሉ እማማ። "ያኔ ሦስቱ ካሉ እናያለን። ከሌሉ ግን ሳጥኑን ለጎረቤት፣ እኔም ወደ አልጋዬ።"

ጋሽ መሰለኝ ወዲያው ግሩፑ ላይ ጻፈ። "አየሁ፦ ከሰባት አራት ሞቱ፣ በሦስት ወር ውስጥ። ቁስል የላቸውም። የሚያውቅ ይርዳኝ።"

ፀጉር አስተካካዩ ቀደመ፦ "ቅናት ነው!!! ሻለቃውን ለዩት!!!"

የሂሳብ አስተማሪዋ ተከተለች፦ "ውሃውን በሙሉ ድፉትና እንደ አዲስ ጀምሩ!!!"

ሌላው፦ "ሙዚቃ ይከፈትላቸው። ለስለስ ያለ።"

ጋሽ መሰለኝ ለእያንዳንዱ በትሕትና መለሰ፦ "አየኸው፣ ሰማኸው ወይስ መሰለህ?"

"ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው!" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ከሁሉም ሰው አንዱን ስጠኝና እሱን ልጠይቀው።"

"ጋሼ" ሲል ፕሮፌሰር ገባ፣ "ይህ ግሩፕ ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ይልቅ አማትህ ትእዛዛቱን ይጠብቃሉ ወይ?"

በማግስቱ እሑድ ጋሽ መሰለኝ እማማ ቤት ሄዶ ሳጥኑ ፊት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አየ። ሥራው ነው፤ ሊፍት ዝም ብሎ የሚያየውን ሰው ይወዳል። ሻለቃ ውሃው አናት ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን የሚስም ይመስል አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ሁለቱ ትንንሾች ጥግ ይዘዋል። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው፤ የታጠበ መነጽር ይመስላል።

እማማ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "እንግዲህ ዞር በልልኝ፤ እሑድ የማጠቢያ ቀኔ ነው" አሉ። ውሃ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ አውጥተው ቧንቧ ከፈቱበት። አሹት፣ ጨመቁት፣ ገለበጡት፣ እንደገና አሹት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲታጠብ የኖረ እጅ ነው። ስፖንጁ ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲህ ነጭ አልነበረም።

"እማማ፣ እንዲህ ይታጠብ ያለዎት ማነው?"

"የእናንተው ግሩፕ ነዋ! አራተኛው ትእዛዝ። 'ስፖንጁን በየሳምንቱ በቧንቧ ውሃ ነጭ እስኪሆን እጠቡ።' እኔ ደግሞ ነጭ ከተባልኩ ነጭ ነው የማውቀው።"

ጋሽ መሰለኝ የራሱን ስፖንጅ አሰበ። በስንፍና ተጥሎ የኖረ፣ እንደ ጋራዥ ጨርቅ የጠቆረ ነው፤ ትዝ ሲለው ብቻ፣ ያውም ከሳጥኑ በቀዳው ባልዲ ውስጥ ለቅለቅ አድርጎ ይመልሰዋል። ዓሦቹ ግን እንደ ደላላ ወፍረዋል። ውሃ መርዝ እንዳለበት ከሚመረመርበት ጠብታ ካርቶን ውስጥ ከወጣች ወረቀት ላይ አንብቦ የተዋት ነገር ትዝ አለችው፦ ስፖንጁ ውስጥ የዓሣን ቆሻሻ የሚበሉ ደግ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ እነሱ ካለቁ ውሃው ጥርት እንዳለ ይመረዛል። ቧንቧ ውሃ ውስጥ ደግሞ ተሕዋስያን መግደያ ክሎሪን አለ።

"እስክነግርዎት ድረስ ስፖንጁን አይንኩት" አለ። "ከውሃው ሲሶውን ብቻ፣ በባልዲ ተከፍቶ ባደረ ውሃ ይለውጡት።"

"አውቀህ ነው?"

"አላውቅም። ጠርጥሬ ነው።"

"በጥርጣሬ በእኔ ዓሦች ላይ ልትሞክር?"

"በእኔ ዓሦች ላይ ነው የምሞክረው። የእርስዎ ይረፉ።"

ይህን ተናግሮ ቤቱ ገባና ልቡ ያልፈቀደውን ነገር አደረገ። ከሁለቱ ሳጥኖቹ የአንደኛውን ስፖንጅ በእማማ አኳኋን፣ በቧንቧ፣ ነጭ እስኪሆን አጠበ። የሁለተኛውን እንደ ልማዱ ለቅለቅ አደረገው። ከዚያ በየቀኑ ከሁለቱም ውሃ ቀድቶ ጠብታውን ይጨምርበታል፤ ቢጫ ከሆነ ደህና፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ መርዝ አለ ማለት ነው። ቀለሙን የሚፈርደው ግን እሱ አይደለም። ሁለቱን ብልቃጦች ይዞ ሚስቱን መስኮት አጠገብ ያቆማታል፤ የትኛው ከየትኛው ሳጥን እንደተቀዳ አይነግራትም።

"ለምን ራስህ አታየውም?" አለችው።

"እኔማ አረንጓዴ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የሚፈልግ ዓይን ሰማዩንም ዛፍ ያደርገዋል።"

"እኔስ?"

"አንቺ ቶሎ ማለቁን ብቻ ነው የምትፈልጊው።"

ሰኞ ሁለቱም ቢጫ። ማክሰኞ "ይኼኛው ትንሽ የጎመን ውሃ መሰለኝ" አለችና "እዬዬ፣ ተጋባብኝ!" ብላ አፏን ያዘች። ረቡዕ ጥያቄም አላስፈለገው፤ በቧንቧ ከታጠበው ሳጥን የተቀዳው ብልቃጥ አረንጓዴ የትራፊክ መብራት ሆኖ ነበር። ጋሽ መሰለኝ ሮጦ ዓሦቹን ወደ ሁለተኛው ሳጥን አዛወረ። እዚያ ተጨናንቀው እንደ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፋሪ ተያዩ፤ አንድም አልሞተም።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ቀጥሎ ያለው ነው ሰውየውን ሰው ያደረገው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታው፣ ከአንድ የቆመ ሊፍት ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ለፕሮፌሰር ደወለ። "አራተኛውን ትእዛዝ ከየት አመጣኸው?"

"ከፀጉር አስተካካዩ። እሱ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ብሎኛል።"

ለፀጉር አስተካካዩ ደወለ። "ከአስተማሪዋ ነው" አለው። "መምህር ናት፣ ትዋሻለች እንዴ?"

ለአስተማሪዋ ደወለ። የሂሳብ ሰው ስለሆነች ማስረጃ አትጥልም። "ስክሪንሹቱ አለኝ፣ ልልክልህ" አለችና ላከችው።

ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። "አየሁ፦ ዛሬ ስፖንጁን በቧንቧ አጠብኩ፣ ዓሦቹ ነቃ አሉ። መሰለኝ፦ በየሳምንቱ ነጭ እስኪሆን ቢታጠብ ጥሩ ነው።" ከላይ የጸሐፊው ፎቶ አለ። ደልደል ያለ ሰው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ።

የራሱ ነው። ጽፎት ረስቶታል። አስተማሪዋ ለፀጉር አስተካካዩ ስትነግረው "አየሁ"ዋን ተወቻት፤ ፀጉር አስተካካዩ ለፕሮፌሰር ሲነግረው "መሰለኝ"ን ላጫት፤ ፕሮፌሰር ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ "እጠቡ" አለበት። ጋሽ መሰለኝ ማታውኑ የዚያን ዓመት የጥገና ደብተሩን ገለጠ። በዚያ ሳምንት ቧንቧው ተዘግቶ፣ የሚኖርበት ሕንጻ ጣሪያው ላይ በታንከር ቆሞ የሰነበተ ውሃ ይጠቀም ነበር። ክሎሪኑ ተንኖ ያለቀ ውሃ። ያየው እውነት ነበር፤ የመሰለው ነበር ስሕተቱ።

ያን የድሮ ጽሑፉን ፈልጎ አገኘውና አውራ ጣቱ "አጥፋ" የምትለዋ ላይ ቆመች። ሚስቱ ከጎኑ ሆና ቆጥራለች፤ ሦስት ሰከንድ። ጣቱን አነሳ።

"አንተ እኮ 'መሰለኝ' ብለህ ነው የጻፍከው" አለችው። "የላጩት እነሱ ናቸው። ምን አጠፋህ?"

"ሳጥኑን ለእናትሽ ስወስድላቸው 'ትእዛዛቱን ይከተሉ' ያልኳቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን 'ሰማሁ' አላልኩም። ከማን እንደሆነም አልጠየቅኩም። የሊፍት በር እንዲህ ፈትሼ ብሰጥ ኖሮ እስካሁን ስንት ሰው ጨርሼ ነበር?"

ሐሙስ ጠዋት ግሩፑ ላይ ጻፈ። "አየሁ፦ በቧንቧ ከታጠበው ሳጥን ውሃው በሦስት ቀን ተመረዘ፣ ለቅለቅ ከተደረገው አልተመረዘም። ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ሌላም ሰው ይሞክረው። ሰማሁ፦ ከጠብታው ካርቶን ወረቀት፣ ክሎሪን ደጎቹን ተሕዋስያን ይገድላል። አራተኛው ትእዛዝ የመጣው ከእኔ ነው። ግምቴ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ዓሣ የሞተበት ካለ ይቅርታ።" ስክሪንሹቱንም ከነፎቶው አያያዘው።

"ትእዛዝ አይቀየርም!!!" አለ ፕሮፌሰር ወዲያው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን በውስጥ መስመር ሌላ መልእክት ላከለት፤ አንድም ቃለ አጋኖ የለውም። "ጋሼ፣ የእኔም ስድስት ሞተዋል። ለማንም አልተናገርኩም።"

"እዚያው ግሩፑ ላይ ተናገር" አለው ጋሽ መሰለኝ።

ፕሮፌሰር አምጦ አምጦ ተናገረ። ከዚያ ጉድ ፈላ። ፀጉር አስተካካዩ ሦስት ቀብሯል። አስተማሪዋ አምስት፣ ያውም ከነቀናቸው መዝግባ። እስከ ምሳ ሰዓት አርባ ሦስት ሰው ቀብሩን አወጣ። ሁሉም ስፖንጁን በቧንቧ ያጥብ ነበር፤ ሁሉም "እኔ ነኝ አያያዝ የማላውቅ" ብሎ አፍሮ ዓሣውን በድብቅ እየተካ፣ ለሌላው ደግሞ "ትእዛዛቱን አንብብ!!!" ይል ነበር።

ሰኞ ደረሰ። ሃያ ስድስት ዓመት በየፎቁ ሲንጠለጠል ያልፈራው ጋሽ መሰለኝ እማማ በር ላይ ሲደርስ ፈራ። ደብተሩን በሁለት እጁ ይዟል። ገብቶ በቀጥታ ሳጥኑን አየ። ሻለቃ ከታች፣ ከአሸዋው ላይ ምግብ ይለቅማል። ሁለቱ ትንንሾች ይከተሉታል።

አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ስክሪንሹቱንም አሳያቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ደብተሩን ተቀብለው የብልቃጦቹን ሰንጠረዥ በጣታቸው ተከተሉ።

"ልጄ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ነው ቀለሙን የተናገረችው?"

"ሳታውቅ ነው።"

"ይህቺ ጥሩ ናት።" ገጹን ገለበጡ። "እኔም ለልጆቹ 'ሰዓቱን ጻፊ፣ ያየሽውን ጻፊ፣ የመሰለሽን ለሻይ ሰዓት አቆዪው' እል ነበር። እንግዲያ በስልክ ነው የገደልክብኝ በለኛ።"

"አዎ እማማ።"

"እጄስ?"

"እጅዎማ ጥሩ ስለሆነ ነው እኮ! ሌላው ለይስሙላ ያጥባል፤ ጥቂት ደግ ተሕዋስያን ይተርፉለታል። እርስዎ ግን አንዲትም አላስተረፉም። እንደርስዎ ትእዛዙን የፈጸመ የለም። ጥፋቱ ትእዛዙ ላይ ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ የእኔ።"

እማማ እጃቸውን እንደገና ገልብጠው አዩት። በዚህኛው ጊዜ የሚያውቁት ሰው ነበር። ተነሡና ቦርሳቸውን ከበሩ ጀርባ አወረዱ።

"ወዴት ነው እማማ?"

"ሰኞ አይደል እንዴ? ጤና ጣቢያ ልጆቹ ይጠብቁኛል። አንተ እዚህ ሆነህ ለሻለቃ ቁርሱን ስጥ፤ በዝቶ ሳይሆን በልኩ። ስፖንጁን ከነካህ ግን አልምርህም።"

ማክሰኞ ግሩፑ ላይ አንድ አዲስ አባል ገባ። ፎቶው አንድ ብርቱካንማ፣ ደረተ ሰፊ ዓሣ ነው። ፕሮፌሰር እንደ ደንቡ "ትእዛዛቱን ያንብቡ" ሊል ጀምሮ አራተኛው ቦታ ባዶ መሆኑ ትዝ ስላለው ተወው። አዲሱ አባል እንዲህ ሲል ጻፈ፦

"አየሁ፦ ሻለቃ ጠዋት በልቷል። አየሁ፦ ትናንት ስምንት ልጆች አሠልጥኛለሁ፣ እጄ ደህና ነው። ሰማሁ፦ ከልጄ፣ ባሏ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ አደረ። መሰለኝ፦ ይቅር ብዬዋለሁ።"